አባቷ በመጨረሻ ይናገራል

«በይ አጥፊው» አለ አባቷ።

ታናሽ እህቷ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከጓሮ፣ ከአባቷ የአናጢነት ሥራ ቤት፣ የተላገ እንጨትና የማጣበቂያ ሽታ ይመጣል።

ዓመት በተገባደደ ቁጥር በዚህ ቤት እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ ዓመቱን ሙሉ ከታየው ድራማ፣ ፊልምና ውድድር ምርጡንና የማይረባውን ሁሉም በየተራው ይናገራል። አባቷ በመጨረሻ ይናገራል። ስሙ ጨዋታ ነው። ነገር ግን እሷም ሆነች እናቷ ዓመቱን ሙሉ የሚያዩት ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የእሱን ፊት ነው፤ የት ላይ እንደሳቀ፣ የት ላይ ጉሮሮውን እንደጠረገ፣ የትኛው ሲጀምር «ድምፁን ጨምሩ» እንዳለ።

አምና ታላቅ ወንድሟ ሳተ። ስቶ እንኳ አይደለም፤ የልቡን ተናገረ። አባቷ አልተቆጣም። ሲነጋ ግን ለልጁ በገዛ እጁ የሠራለትን ወንበር ወደ ጓሮ አውጥቶ በመጋዝ ቆራረጠው፤ ቁርጥራጩንም ደጃፉ ላይ ደረደረለት። ወንድሟ የዚያኑ ዕለት ልብሱን በከረጢት ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚያነሳ የለም።

ዛሬ በእሱ ቦታ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠው እጮኛዋ ነው። ሊታይ መጥቷል። አባቷ «እሺ» ካለ ይጋባሉ። «እምቢ» ካለ ደግሞ፣ በዚህ ቤት እምቢታ ምን ድረስ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለዚህ መንገድ ላይ ክንዱን ይዛ አስጠንቅቃው ነበር።

«ምርጡ የዘፈን ውድድሩ ነው በል። ያ ተሳዳቢ ዳኛ ያስቀኛል በል። የማይረባው የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ድራማ ነው።»

«እንዴ! እሱን በስልኬ አብረን አይተን ስታለቅሺ አልነበር?»

«በል ብቻ።»

ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። አፍራ ነው።

አክስቷ ጀመረች። «ይሄ ምን ጥያቄ አለው ወንድምዓለም! የዘፈን ውድድሩ ነዋ። ያ ዳኛ ያቺን ቀጫጫ ‹ድምፅሽ የበር ማጠፊያ ነው፤ ሂጂና ዘይት ተቀቢ› ሲላት እኮ በሳቅ ልሞት!»

አባቷ ፈገግ አለ። «የማይረባውስ?»

«ዘበኛው! ሲነፋረቅ ዓመቱን ፈጀው እኮ።»

ታናሽ እህቷም ያንኑ ደገመች። እናቷ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ «እኔም እንደነሱ» አለች።

እጮኛዋ መሳቅ ጀመረ። እሱ ባደገበት ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ከተነሳ ወንድማማቾቹ ይሰዳደባሉ፣ ትራስ ይወራወራሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ እንግዳ ሊያጫውቱ መሰለው። የሰው መልስ መድገምም የቤቱን ባለቤት መናቅ እንዳይሆንበት ፈራ። ይህን ሐሳቡን ከፊቱ አነበበችውና በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። «ይቅርታ» ብሎ እግሩን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ እኔም ያንኑ ብደግመው ጨዋታው አያምርም። እውነቱን ልናገር?»

«ተናገር እንጂ። እውነት የሚጠላ ማን አለ?»

«ለእኔ ምርጡ ዘበኛው ነው። በተለይ የመጨረሻው ክፍል። ልጆቹን ሰብስቦ ‹በድያችኋለሁ› ሲላቸው… አባት ልጆቹን ይቅርታ ሲጠይቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» ትንሽ አሰብ አድርጎ ጨመረ። «ዳኛው ደግሞ፣ አይቆጡኝና፣ ሰው ማዋረድ ምኑ ያስቃል?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አክስቷ ሳቅ ጀምራ መሐል ላይ ዋጠችው።

ያ ክፍል በታየበት ዕለት እዚህ ቤት የሆነውን እሱ አያውቅም። ዘበኛው ተንበርክኮ ገና አፉን ሲከፍት አባቷ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው። ከዚያም በጠቆረው መስታወት ፊት፣ ጀርባውን ለቤተሰቡ እንደሰጠ፣ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቀረ። ከቤተሰቡ ውኃ ለመጠጣት እንኳ የተነሳ ሰው አልነበረም።

አባቷ ሱሪው ላይ የቀረውን የእንጨት ብናኝ በጣቱ አራገፈ።

«ጎበዝ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ቀጥ ያልክ ልጅ ነህ። እኔ ቀጥ ያለ እንጨት እወዳለሁ። ለመሰንጠቅ አያስቸግርም።»

እጮኛዋ ሙገሳ መስሎት «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለ።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው።» አባቷ ወደ እሷ ዞረ። «የኔ ልጅ ዓይኗ አይስትም። በይ፣ ለእንግዳሽ ንገሪው።»

ምን እንደሚፈልግ ገባት። «የዘፈን ውድድሩ» ካለች ቤቱ ይረጋጋል፤ አክስቷ ትስቃለች፤ የልጁም ጥፋት በእንግድነቱ ይታለፍ ይሆናል። «እሺ»ም ትገኝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እጮኛዋም እንደነሱ ፊት ማንበብ ይማራል።

ቀና ብላ እጮኛዋን አየችው። ወደ እሷ ዘንበል ብሎ እየጠበቀ ነው። ምን እንደምትል ጓጉቷል። በዚህ ሳሎን ውስጥ የእሷን ሐሳብ ለመስማት የጓጓ ሰው ገጥሟት አያውቅም።

«ዘበኛው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስልሽ አላት። «ለእኔም ምርጡ ዘበኛው ነው አባዬ። መጨረሻውን አይቼዋለሁ።»

አባቷ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

እናቷ ቀስ ብላ ተነሳች። በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሳሎኑን መስኮቶች አንድ በአንድ ትዘጋ ጀመር። አንዱ በተዘጋ ቁጥር የመንገዱ ድምፅ እየራቀ ሄደ።