ፈጣኑ ካርድ

ረድኤትና አቤኔዘር ትዳራቸው ፈርሶ የካርቱን ስቱዲዮአቸውን ዕቃ ሲካፈሉ፣ በመጨረሻ የቀሩት ሥዕል የሚያቀናብሩ ሁለት የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች ነበሩ። አንዱ ባለዐሥራ ስድስት ጊጋ ሜሞሪ፣ ሌላው ባለስምንት። ሽማግሌው ጋሽ ተካልኝ፣ አንድ ዓይነት የካርቱን ቅንጭብ በሁለቱም ተሠርቶ ይታይ አሉ። ባለዐሥራ ስድስቱ በአራት ደቂቃ ጨረሰ፤ ባለስምንቱ ዘጠኝ ፈጀበት።

"ፈጣኑ የእኔ ነው!" አለች ረድኤት ተንደርድራ ካርዱን እያነሣች።

አቤኔዘር ካርዱን ከእጇ መነጨቃት። "ሞቼ ነው ቆሜ የምትወስጂው! አንቺ በዚያ ቀርፋፋ ዕድሜሽን ግፊ!"

"ሌባ!" አለችው። "ምቀኛ!" አላት። ሊቧቀሱ ሲሉ ሽማግሌው መሀል ገቡ።

"በቃ ልጄ፣ አንቺ ተይለት" አሏት።

ረድኤት እያለቀሰችና እየረገመችው ትንሹን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከእሷ ጋር ደጅ እንደወጡ ጋሽ ተካልኝ ቆም አሉ። "በደልኩሽ መሰለኝ።"

"ግድ የለም ጋሼ" አለች፤ እንባዋ ደርቋል። "ያ ፈጣኑ ካርድ ሩብ ሰዓት ከሠራ ይግልና ቀጥ ይላል። እንዲህ ከሆነ ዓመት አልፎታል።"

"ታዲያ እሱ ይህን አያውቅም?"

"በምን ያውቃል? ሥራ ብሎ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ተቀምጦበት አያውቅም።"