የእትዬ አመለወርቅ አዲስ አጥር

አዛውንቱ በጉብዝናቸው ዘመን ጠጅ ጣይዋን አመለወርቅን ለማግባት ሽማግሌ ልከው እምቢ ቢባሉ፣ «ይህን አጥር ካለፍኩ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ብለው ማሉ። ስለ ጠጁ ግን አልማሉም። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ በአጥሩ ላይ የሚያቀብሏቸውን ብርሌ እየጨለጡ አረጁ።

ዘንድሮ ከተማው እየሰፋ መንደሩ ድረስ ሲመጣ ጠጅ ቤቱም መታደስ ጀመረ። የጭቃው ግድግዳ በመስታወት ተተካ፤ የእንጨቱ አጥርም ፈረሰ። ግንበኞቹ «አባባ፣ ይነሱልን» ቢሏቸው፣ «ድንጋዩ የመንገድ ነው» ብለው ብርሌያቸውን ጨበጡ። ግንበኞቹም አልተከራከሯቸውም፤ ብሎኬቱን ከጀርባቸው ይደረድሩ ጀመር።

አመሻሹ ላይ አዛውንቱ ዞር ቢሉ ግንቡ ከራሳቸው በላይ ሆኗል። እሳቸው ከነድንጋያቸው ግቢ ውስጥ ናቸው።

«ማነው በዚህ በኩል ገንቡ ያላችሁ?» ብለው ጮኹ።

ግንበኛው በአገጩ ወደ በረንዳው ጠቆመ። እትዬ አመለወርቅ ሁለት ብርሌ ይዘው እየመጡ ነበር።

«እኔ ነኝ። አንተማ መሐላህን ጠብቀሃል፤ አጥሩ ነው ያለፈህ» አሉ።

«አሁኑኑ እወጣለሁ!»

«በምን በኩል? አጥሩን አላልፍም ብለህ ምለህ የለ?»