የምንትዋብ ድርሻ

ምንትዋብ ለመርሳት ሕመምተኞች ከቤተሰባቸው ጋር መነጽር አድርገው የሚገቡበትን ምናባዊ ዓለም ትሠራለች። ለአባቷም በዚሁ ዓለም ውስጥ ድሮ የኖሩበትን የደሴውን ቤት ሠራችለት። እሷን ረስቷት «ከማላውቃት ሴት እጅ አልበላም» ሲል ግን፣ እዚያ ቤት የሟች እናቷን መልክና ድምፅ ይዛ መግባት ጀመረች።

ዛሬም ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው ማዕድ ቀረቡ። ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለች ስታጎርሰው በደስታ ዋጠ።

«የሺዬ፣ ዛሬስ እጅሽ ጣፈጠ! ትናንት ጨው ረስተሽ ነበር» አላት ሚስቱ መስላው።

«አንተ ደግሞ! ትናንትስ ሳህኑን ልሰህ አልነበር?»

ሳቀ። ከዚያ ድንገት እጇን ያዘ።

«በቃኝ፤ የቀረው የምንትዋብ ድርሻ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይርባታል።»

መነጽሯን አወለቀች፤ የእሱንም ቀስ ብላ አነሳችለት።

«አባዬ፣ መጣሁ እኮ» ብላ ወደ ሳህኑ እጇን ሰደደች።

ትክ ብሎ አያት። ሳህኑን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በሁለት እጁ ከለለው።

«ይቅርታ እመቤቴ» አላት፤ «ይህ የልጄ ነው።»