የወይዘሮ ፓውሉክ ቫኒላ

«ሰው ካያት አትጠጣም፤ ዞር ስትዪላት ነው የምትጨልጠው» ትላለች ረዳቷ ዳርሊን ስለ ወይዘሮ ፓውሉክ በየፈረቃው፤ ያላየችውን በማውራት የሚያህላት የለም። ነርስ ሮዌናም የቫኒላ ጣዕም ያለውን የገንቢ መጠጥ ኩባያ ሁልጊዜ ባዶውን ስለምታገኘው «ሙሉውን ጠጥተዋል» ብላ ትመዘግባለች። የወይዘሮ ፓውሉክ ክብደት ግን በየሳምንቱ ይቀንሳል።

ማክሰኞ ሮዌና አላስችል አላት። «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይጠጡታል?»

«እኔማ አልወደውም። ለእሷ ነው የምሰጣት፤ ይርባታል» አሉ፣ ወር ሙሉ ሰው ወዳልተኛበት የጎረቤት አልጋ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«ቀልደኛ ነዎት እኮ!» ብላ ሳቀች። ዛሬም «ሙሉውን» ብላ መዘገበች።

ሐሙስ ወይዘሮ ፓውሉክ አረፉ። ሮዌና ክፍሉን ለአዲስ ታካሚ ስታሰናዳ፣ ወር ሙሉ ባዶ ከነበረው የጎረቤት አልጋ ሥር ያለውን፣ የተኛበትን ሰው የሚመዝን ሚዛን ዜሮ ልታደርግ ቁልፉን ተጫነች። ሚዛኑ መዝግቦ የያዘውን ያለፉትን አራት ሳምንታት ክብደት አሳያት፦ ሠላሳ ስምንት ኪሎ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ።