ልጃቸው በስክሪፕት የገደላቸው እናት

በሩን የከፈቱት ሟች ራሳቸው ነበሩ...

ደጅ ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። ከኋላ የእድር ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ቆመዋል።

እማማ አሳየሽ ከዘራቸውን ተደግፈው አንድ በአንድ አዩአቸው።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

ጎረቤታቸው አንጁሎ ድንኳኑን ጥሎ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

"አንቺ ነዋ የሞተው! ራዲዮ ተናገረ!"

ነገሩ እንዲህ ነው...

ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ ቦታው ወላይታ ሶዶ ነው። ያኔ አዲስ የአማርኛ ፊልም በላይ በላዩ ይወጣል። ስክሪፕት የሸጠ ሰው ሚኒስትር የተሾመ ያህል ይወራለታል።

የእማማ አሳየሽ አንድ ልጅ ሄኖክ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያ ስክሪፕቱን ሸጠ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ራዲዮ ላይ በቅርቡ የሚሠሩ ፊልሞች ሲተዋወቁ የሱም ታሪክ ተነበበ።

ሰውዬው ታዲያ የእናቱን ስም እንኳ አልቀየረም!

አንጁሎ ጨው ሊገዛ የሰፈሩ ባለሱቅ በድሩ ጋ ሲገባ ራዲዮው ምን ቢል ጥሩ ነው? "...ወይዘሮ አሳየሽ ሶዶ ኦቶና አካባቢ በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን እንዳሉ አረፉ..."

ጨዉን ትቶ ወጣ። በድሩ ከመጀመሪያው ይሰማ ስለነበር "ኧረ ፊልም ነው!" ብሎ ከኋላ ቢጣራም ማን ሰምቶት... ወሬው ወዲያው እድሩ ጋ ደረሰ።

"በሉ ከመጣችሁ አይቀር ግቡ" አሉ እማማ አሳየሽ ደጅ የቆሙትን ለቀስተኞች።

ቤቱ ሞላ። ግቢ የቀረውን ፀሐይ ሲመታው ድንኳኑን ተከሉት።

እውነቱን ልንገራችሁ... ያ ቤት እንደዚያ ከሞላ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ገብረአማኑኤል ካረፉ፣ የጉልበት ሕመሙም ከቤተ ክርስቲያንና ከእድር ካስቀራቸው ወዲህ ሰው በአጥር ላይ "ደህና አደሩ?" ብሎ ያልፋል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

አለቀ። እስኪመሽ ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም።

የዚያን ቀን ግን ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሲሰሙ ዋሉ። ሳቁ... ሳቃቸውን ራሳቸውም የረሱት ይመስል ነበር።

በድሩ ሱቁን ዘግቶ መጣና የሆነውን ሁሉ አስረዳ።

"ሄኖክ ስክሪፕት ሸጠ?"

አገር የሰማውን እናት አልሰሙም ነበር...

"እሰይ የኔ ልጅ! እና... ፊልሙ ላይ እንዴት ነው የሞትኩት?"

በድሩ አቀረቀረ።

"ብቻዎን ነው እትዬ። ምሳ በሁለት ሳህን አቅርበው... አንዱን ለልጅዎ... በር በሩን እያዩ።"

ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ሁለት ሳህን ነበር።

ይህን ለሄኖክ በስልክ ነግረውት ያውቃሉ። የዚያን ቀን ዝም ብሎ ነበር የሰማቸው። እያለቀሰ መስሏቸው አባብለውታል።

ለካ እየጻፈ ነበር...

እማማ አሳየሽ ትርፉን ሳህን አነሱ። ከዚያ "በድሩ፣ በል ደውልለት" አሉ።

"ምን ልበለው?"

"እኔ ስደውል የምለውን። ትንሽ አሟታል፣ ና በለው።"

በኛ አገር ሌላ ሰው ደውሎ "እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና" ካለ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርማ።

ሄኖክ በማግስቱ ደረሰ። ከባጃጅ ሳይወርድ ገና ያልፈረሰውን ድንኳን አየ...

"እማዬ!" ብሎ መሬት ላይ ወደቀ።

እናቱ ከድንኳኑ ወጡ።

"ተነሳ ልጄ። አልሞትኩም። ትንሽ ነው ያመመኝ።"

እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

"እኔ አሞኛል ስልህ 'ስክሪፕቱን ልጨርስና እመጣለሁ' አልከኝ። ሰው ሲነግርህ ግን ወዲያው መጣህ። ብቻዬን መሆኔን ሳታውቅ ቀርተህ ቢሆን ምንም አልልህም ነበር። አንተ አውቀህ ጻፍከው።"

"መጨረሻውን እቀይረዋለሁ እማዬ!"

እዚያው ለፕሮዲዩሰሩ ደወለ።

"ሸጠኸዋል እኮ ወንድሜ" አለው ሰውዬው። "ደግሞ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው።"

ሄኖክ ጥቂት ሰንብቶ ተመለሰ። ሌላ ስክሪፕት ጀምሯል አሉ። ድንኳኑም ፈረሰ። ሰውም እንደ ድሮው በአጥር ላይ "ደህና አደሩ?" ማለት ቀጠለ።

ፊልሙ ሶዶ ሲታይ እማማ አሳየሽን ይዟቸው የገባው በድሩ ነበር። ልጃቸው ቀረጻ ላይ ነኝ ብሎ አልመጣም።

የፊልሟ እናት ስትሞት አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። ያላለቀሱት እማማ አሳየሽ ብቻ ናቸው።

"በሩን አንኳኩላት እንጂ!" ብለው ጮኹ።

"እሽሽሽ... እማማ፣ እንይበት!" አሏቸው።

ሲያልቅ በድሩ ባጃጅ ሊፈልግ ሄደ። እማማ አሳየሽ መውጫው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ያ ሁሉ ሰው እንባውን እየጠረገ ባጠገባቸው አለፈ። አንዷ ትከሻቸውን ገጭታቸው "ይቅርታ እማማ" አለችና ሶፍቷን ዓይኗ ላይ እንደያዘች ሄደች።

ከማን ጋር እንደመጡ፣ በምን እንደሚመለሱ የጠየቃቸው የለም...

ወዳጆቼ... ለፊልም እናት ስናለቅስ ደግ የሆንን ይመስለናል። እንባ ግን የማንንም በር አያንኳኳም። እግር ነው የሚያንኳኳው። ብቸኛ ሰው ደግሞ የሚያዝንለት አላጣም፤ ያጣው የሚመጣለት ሰው ነው።

እስቲ ንገሩኝ... ድንኳን ሳይተከል በፊት የማንን በር ታንኳኳላችሁ?

ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉት። ጽፋችሁ ግን እንደ ሄኖክ እዚያው እንዳትቀሩ...