ሳሎን ያረፈው ሞተር

መካኒኩ ናስር ሞተሩን ከዘርይሁን መኪና ፈትቶ ካወጣ በኋላ ወደ ጋራዥ አልወሰደውም። የዘመኑ ሞተር ባለቤቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው፤ ከመኪናው ተነጥሎ ድምፁን ካልሰማ ይረሳዋል፣ ከረሳውም ዳግም አይታዘዘውም። ስለዚህ መለዋወጫው እስኪመጣ ሞተሩ ዘርይሁን ሳሎን ሶፋው ላይ አንሶላ ተነጥፎለት ተቀመጠ።

"ጋሼ ዘርይሁን፣ በየቀኑ ያጫውቱት" አለ ናስር።

የዘርይሁን ሚስት አስናቀች በሆዷ ሳቀች። ባሏ ማታ "ደህና ዋልሽ" ካላት በኋላ ሌላ ቃል መጠበቅ ከተወች ቆይታለች።

በማግስቱ ግን ዘርይሁን ወንበሩን ወደ ሶፋው አስጠጋ። "አለቃችን ዛሬም ስብሰባ ላይ አንቀላፋ" አለው ለሞተሩ። ስለ ጥርሱ ሕመም አወራው፤ ጡረታ መውጣት እንደሚያስፈራውም ነገረው። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት ወሬውን መኪናው ውስጥ ጨርሶ ነበር ቤት የሚገባው። አስናቀች ሽንኩርቷን ሳሎን ተቀምጣ መክተፍ ጀመረች።

"ጥርስህን ለምን አታስነቅለውም?" አለች አንድ ምሽት፣ ከሽንኩርቱ ቀና ሳትል።

ዘርይሁን ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። "ትሰማናለች እንዴ?"

"ከሞተር አንሳለሁ?"

 ዘርይሁን ወንበሩን ወደ እሷ አዞረና "መርፌውን ፈርቼ ነው" አላት።

በሳምንቱ ናስር ደወለ። "እትዬ አስናቀች፣ ዕቃው መጥቷል። ነገ ልግጠመው?"

አስናቀች ወደ ሳሎን ተመለከተች። ባሏ ያቋረጠውን ጨዋታ ሊቀጥልላት እየጠበቀ ነው።

"አትቸኩል ናስር" አለች። "ገና ድምፃችንን በደንብ አልለመደም።"

ስልኩን ዘግታ የሞተሩን አንሶላ አስተካከለችለት።