ኮትና ቁምጣ

ልጅቷ ከወገብ በላይ ኮት፣ ከወገብ በታች ጭቃ የነካው ቁምጣ ለብሳ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ነበር። ከልምምድ ሮጣ ስትገባ ለመቀየር ጊዜ አልነበራትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኮሌጁ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ምክትል አሠልጣኝ ሆና ኳስ ስትለቅም፣ ከኋላዋ የመጡ ሁለት ወንዶች አለቃ ሆነውባት ነበር። ያን ቀን ለዋና አሠልጣኝነቱ ቦታ ኢንተርቪው ላይ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ካሉት ሦስት የኮሌጁ ፈረንጆች መሀል ሽበታሟ ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ተጫዋቾችሽ ባያከብሩሽስ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ዝም አለች።

ዝምታው ሲረዝም እናቷ ያለቀ መሰላቸውና የሳሎኑን በር ከፍተው ገቡ። ልጅቷ ብድግ አለች። ካሜራው ውስጥ ፊቷ ጠፍቶ ቁምጣዋና ጭቃዋ ብቻ ቀረ።

«ቁጭ በይ አንቺ! ፈረንጆቹ ጉልበትሽን እያዩ ነው!»

«መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡ፣ እማማ።»

«ወይ ጉድ! ሥራውን በጉልበትሽ ልትጠይቂያቸው ነው?»

ሽበታሟ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። ልጅቷ ሳትቀመጥ ጎንበስ ብላ፣ «እናቴ ገብተው ነው የተነሳሁት» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰች። «ሜዳ ላይም ትንሿ ተጫዋች እንኳ ስትመጣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ስመጣ ተቀምጣ የምትቀር አላየሁም።»

ሽበታሟ ቀስ ብላ እስክሪብቶዋን አነሳችና መጻፍ ጀመረች። እናትየው ፊደል አልቆጠሩም፤ እስክሪብቶ ለምን እንደሚነሳ ግን ያውቁ ነበር። ልጃቸው እንድትቀመጥ፣ ቶሎ ወንበር ስበው ተቀመጡ።